የእናቴ ምራቅ

ምራቅን ለብዙ ዓመት ያስተማርኩት በአንድ መስመር ነው። የምራቅ ዕጢዎች ምራቅ ያመነጫሉ፤ ምራቅ ምግብን ያለሰልሳል፤ ስታርችን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። አለቀ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፣ እኔ ጠመኔዬን አራግፌ ወደ ጨጓራ እወርዳለሁ። ደስ ያለኝ ቀን በሶ በወረቀት ጠቅልዬ እመጣና ቁንጥር ቁንጥር አድዬ ሳይውጡ አፋቸው ውስጥ እንዲያቆዩት አዛለሁ። ቆይቶ ይጣፍጣቸዋል። «ስኳሩን ማን ጨመረበት?» እላለሁ፤ ይስቃሉ። መሐል ሜዳ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር እንዲህ ነው፤ ላቦራቶሪያችን የተማሪው አፍ ነው።

ያቺ አንድ መስመር ምን ያህል ነገር እንደደበቀች የገባኝ ግን የእናቴ አፍ ሲደርቅ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከዘመሮ ወዲያ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ጥቂት በጎች አሏት፤ የገብሱን ማሳ ዘመድ በእኩል ያርስላታል፤ እሷ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን ጥቁር ክር ከእሷ እንዝርት ከወጣ ሸማኔው ሳያይ ይወስደዋል። ክሩ ሲበጠስባት ጣቷን ምላሷ ላይ ነካ ታደርግና ሁለቱን ጫፍ አገናኝታ ፈተግ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በኋላ የተቀጠለበትን ቦታ ፈልጎ የሚያገኝ የለም።

ልጠይቃት ሄጄ ስመለስ ደግሞ በሯ ላይ ጎንበስ እላለሁ። አናቴ ላይ እትፍ እትፍ ብላ ትመርቀኛለች። ግንባሬ ላይ የሆነ ነገር ጠብ ይላል። ልጅ ሆኜ በእጄ ጠርጌው በጥፊ ብላኛለች፤ ምርቃት አይጠረግም። አሁን መነጽሬ ላይ ቢያርፍ እንኳ ዘመሮ ሚኒባስ እስክይዝ አልነካውም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ሄድኩ። ደጃፏ ተቀምጣ ትፈትላለች። አጠገቧ በጣሳ ውኃ አስቀምጣለች፤ ክሩ ሲበጠስ ጣቷን እዚያ ትነክራለች። አየሁ። አይቼም ዝም አልኩ። ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፉ የማይዞር ሰው አፉ ቢደርቅ ምን ይገርማል? በሁዳዴ የማን አፍ ነው እርጥብ? ስወጣም ጎንበስ አልኩላት። መዳፏን አናቴ ላይ ጭና «በሰላም ግባ» ብቻ አለችኝ። አልተፋችብኝም።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ብናገር ያሳፍረኛል፤ ግን እናገራለሁ። ኮራሁ። እኔማ ጎልማሳ፣ ምራቄን የዋጥኩ ሰው ሆኛለሁ፣ እንደ ሕፃን መተፋት ቀረልኝ እያልኩ በፈገግታ ወረድኩ።

ለፋሲካ ተመለስኩ። በግ ታርዷል። እናቴ አንድ ጉርሻ ወስዳ አኘከች፣ አኘከች፣ በመጨረሻ በነጠላዋ ተከልላ በእጇ አወጣችው። ጭብጦውንም ውኃ ጠብ እያደረገች እንደ ገንፎ አቀጠነችው።

«እማዬ፣ ምነው?»

«ጥርሴን ነው፣ የኔ ጌታ።»

አመንኳት። እናቴ የደረቀ ባቄላ የምትቆረጥም ሴት ናት፤ ጥርሷ ከእኔ ይሻላል። የባዮሎጂ መምህሩ ግን አምኖ ሥጋውን ቀጠለ።

በነጋታው ወደ ዘመሮ ስወርድ መንገድ ላይ የእናቴን የነፍስ አባት አገኘኋቸው። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ዝናብ ኖረ አልኖረ ጃንጥላቸው አይለያቸውም። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። አልለቀቁኝም።

«ልጄ፣ እናትህን ያስቀየማት ሰው አለ?»

«የለም አባ። ምነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ አልቆረበችም። ጸሎተ ሐሙስ እንኳ አስቀድሳ ዝም ብላ ወጣች። ብጠይቃት መሬት መሬት ታያለች።» ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የነገረችኝ ነገር ቢኖርማ አልነግርህም ነበር። ስላልነገረችኝ ነው የምጠይቅህ።»

በእኛ አገር ባሏ ያረፈባት አሮጊት ከቁርባን ከቀረች ነገሩ ቀላል አይደለም። ሰው ይጠይቃል። ኃጢአት ደብቃ ነው ይላል፤ ቂም ይዛ ነው ይላል፤ ጠንቋይ ቤት ሄዳ ነው የሚልም አይጠፋም። እናቴ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወሬ ይልቅ የቁርባኑ መቅረት እንደሚገድላት አውቃለሁ። ከአባቴ ሞት በኋላ ያቆማት እሱ ነው። ሚኒባሱን ትቼ ወደ ላይ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ምነው አለች። ቄሱ ያሉኝን ነገርኳት። እንዝርቷን አስቀመጠች። ከዚያ «ምራቄ ከዳኝ» አለች።

«እንዴት?»

«አለቀ። ደረቀ። የጥምቀት ለታ ስቆርብ ሥጋው ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። አልወርድ አለኝ። ደሙን ሲያቀብሉኝ ሳል ያዘኝ። አፌን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩ። ብተፋውስ ኖሮ? አንተ ልጅ፣ ብተፋውስ ኖሮ?»

«አልተፋሽም እኮ።»

«አልተፋሁም። ግን ዳግመኛ አልደፍርም። ከድንጋይ ውኃ ያወጣ ጌታ ለእኔ ምራቅ ነሳኝ። እንግዲህ ተይ ማለቱ ነው። ምን እንደበደልኩት ግን አላወቅሁም፤ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ፣ አላገኘሁትም።»

በጣሳው ውኃ፣ በሥጋው፣ በጭብጦው ሁሉ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ምርቃቱ ሲቀርብኝ ኩራት የተሰማኝ ሰው ነኝ።

መሐል ሜዳ እንደገባሁ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ በክረምት በክረምት ስማር የያዝኩት ነው። አንድ ቀን አስተማሪያችን መጋረጃውን ጋርደው ፊልም አሳይተውን ነበር፤ የምራቅ ዕጢ ሕዋሳትን ሥራ ላይ እያሉ የሚያሳይ። ሕዋሳቱ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ መሐላቸው ምራቁ የሚወርድበት ቀጭን ቦይ አለ። ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ቀለም ተጨምሮባቸዋል። መጀመሪያ ሁሉም ጨለማ ነው። ነርቩ ሲቀሰቀስ ከአንዱ ሕዋስ ጫፍ፣ ልክ በቦዩ በኩል ካለው፣ ብርሃን ብልጭ አለ። ከጫፉ ወደ ኋላ ተስፋፋ፤ ደበዘዘ፤ እንደገና ብልጭ አለ። ከዚያ ጎረቤቱ። ከዚያ ሌላው። ክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ያለ አይመስልም ነበር። ማስታወሻዬ ላይ የተጻፈው ግን «ለፈተና ይመጣል» የሚል ብቻ ነው።

አሁን እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ እናቴ ጉዳይ አነበብኩት፤ ሦስት ቀን ከእሱ ጋር ሰነበትኩ።

ካልሲየምን ሁላችንም የምናውቀው በአጥንት ነው፤ በወተት፣ በእንቁላል ቅርፊት። ጠጣር ነገር ይመስለናል። በሕዋስ ውስጥ ግን ካልሲየም ወሬ ነው። ሕዋሱ ካልሲየምን ከውስጡ እየገፋ ያስወጣል፤ የቀረውን በጓዳው፣ ጥቃቅን ከረጢት በመሰለ ነገር ውስጥ፣ ቆልፎ ያስቀምጣል። ከደጅ ያለው ከውስጡ ካለው በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ለምን ይደክማል ብትሉ ዝምታ እንዲኖር ነው። ቅዳሴ ላይ ሁሉም ዝም ባለበት አንዲት ሳንቲም ብትወድቅ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይሰማታል፤ ገበያ ላይ ብትወድቅ ማን ይሰማታል? ሕዋሱም ዝም ብሎ የሚጠብቀው ያቺን ሳንቲም ነው።

ምግብ አፍ ሲገባ፣ ወይም ዐይን ሎሚ ሲያይ፣ ነርቩ ሕዋሱ ደጃፍ ላይ አንዲት ጠብታ ኬሚካል ይጥላል። ኬሚካሏ ግድግዳው ላይ በተዘጋጀላት መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። ከውስጥ ሌላ መልእክተኛ ይነሣና ጓዳውን ያንኳኳል። ጓዳው ይከፈታል፤ ካልሲየሙ ይፈስሳል፤ ፊልሙ ላይ ያየነው ብልጭታ ይኸው ነው። ካልሲየሙ በቦዩ በኩል ያለውን በር ይከፍታል፤ በዚያ በር የሚወጣው ግን ውኃ አይደለም፣ ጨው ነው። መጀመሪያ የጨው ግማሽ፣ ክሎራይዱ፤ ከዚያ ሶዲየሙ ይከተለዋል። ውኃው ጨውን ተከትሎ ይወጣል። የእኛ በጎች አሞሌ የያዘ ሰው ካዩ ማንም ሳይጠራቸው እንደሚከተሉት ማለት ነው። ውኃውን የሚገፋው የለም። ሲያልቅ ካልሲየሙ ተለቅሞ ወደ ጓዳው ይገባል፤ ዝምታው ይመለሳል፤ ሕዋሱ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ምራቅ ለመዋጥ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ስንቴ ዋጥኩ? ደብተሩን ዘጋሁት። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ በየእያንዳንዱ አፍ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው፤ በእኔም አፍ፣ በሌባም አፍ፣ በቄሱም አፍ። ፈራሁ ብል ይሻላል።

መፍራት ግን ማወቅ አይደለምና ወዲያው ሞኝነት ሠራሁ። ነገሩ የካልሲየም ነው፣ እናቴ ካልሲየም አንሷት ነው ብዬ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለችው የድሮ ተማሪዬ ናት። የካልሲየም ኪኒን ስጪኝ አልኳት፤ ለምን አለች፤ አስረዳኋት። ፈገግ አለች።

«ቲቸር፣ እንዲህ ብለው ነው እንዴ ያስተማሩን?»

እውነቷን ነው። ጓዳው ባዶ አይደለም፤ የሚያንኳኳው ነው የጠፋው። አፈርኩ።

«እናትዎ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልኩ፣ ፈጥኜ። «የእናቴን አውቃለሁ።»

«ይጠይቁልኝ» አለችና ኪኒኑን መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅኳት። እናቴ ፊቷ ተለወጠ። ተነሥታ በሩን መለስ አደረገችና ከአልጋዋ ራስጌ ሙዳይዋን አመጣች። በጨርቅ የተቋጠረ ኪኒን አወጣች። ስሙን አነበብኩት፤ ሽንት ለማይቋጥር ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

በገና ጾም ሰሞን ለዐይኔ ነው ብላ ከጎረቤቷ ጋር ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የሄደችው ለካ ለዚህ ነበር። ቅዳሴ መሐል ሽንቷ እየመጣባት ሁለት ጊዜ አቋርጣ ወጥታለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አልደረሰችም። «ለወንድ ልጅ ይነገራል ይሄ?» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ወረቀቱ ላይ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ይላል።

«እንዴት ነው የምትወስጂው ታዲያ?»

«በጾም እንዴት ሦስት ጊዜ ይዋጣል? የገና ጾም ነበር ስጀምረው። የጠዋቱንም፣ የቀትሩንም፣ የማታውንም አጠራቅሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ እውጣለሁ። ቁጥሩ ያው ነው።»

«ፍስኩስ?»

«ለመድኩት። በፍስክ ማታ ሦስቱን አንድ ላይ ስወስድ ደግሞ ጠዋት ቅዳሴው እስኪያልቅ እቆማለሁ። ንቅንቅ አልልም።» ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር።

ሁሉም ነገር እዚያው ገባኝ። የአፍ ዕጢ ደጃፍ ላይ የምትጣለዋ ኬሚካልና የፊኛ ጡንቻ ደጃፍ ላይ የምትጣለዋ አንድ ናት። መቀመጫውም ያው ነው። ውስጥ የሚነሣው ካልሲየምም ያው ነው። ዕጢው ጋ ሲደርስ «አፍስስ» ማለት ነው፤ ፊኛው ጋ ሲደርስ «ጭመቅ» ማለት ነው። አንድ ቃል፣ እንደ ሰሚው ሥራው የሚለይ። መድኃኒቱ ደግሞ ሚኒባስ ላይ ጋቢውን ወንበር ላይ ጥሎ ቦታ እንደሚይዝ ሰው ነው፤ ራሱ አይሄድበት፣ ሌላ አያስቀምጥ። የፊኛዋን ወንበር ሲይዝላት የአፏንም ያዘው። ሦስት ሆኖ በአንዴ ሲመጣ ደግሞ ባዶ ወንበር አልተረፈም።

እናቴ ቅዳሴ ለመቆም የዋጠችው መድኃኒት ነው ቁርባን መዋጥ የከለከላት። እግዚአብሔር አልነበረም። ይህን ቃል በቃል ነገርኳት፤ ስለ ካልሲየሙ፣ ስለ ጓዳው፣ ስለ ጨውና ውኃው። የተማረ ልጇ ሲዘላብድ እንደምትሰማው ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ምራቄ አለ ማለት ነው?»

«አለ። ሙሉ ነው። የሚጠራው ነው ያጣው።»

ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

ደብረ ብርሃን አብሬያት ሄድኩ። ዶክተሩ ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ሦስት ጊዜ ያልኩት አራርቀው እንዲወስዱት ነበር።» እናቴ «በጾም፣ ልጄ?» አለችው፤ እንዲህ ያለውን ነገር የማያውቅ ሰው ዶክተር መሆኑ ገርሟት። «አልጠየቅኩዎትም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አለ። ሌላ ሌላውን ሁሉ መርምሮ አንዷን ብቻ ማታ ማታ እንድትወስድ አዘዘላት። ግን ደግሞ አልደበቀም፤ ሽንቱ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ላይቆም ይችላል።

ይህ ነበር የቀረው ነገር። መቆሙን ወይስ መዋጡን? ስንመለስ በቄሱ በኩል ዞርን። እናቴ በዚያ መንገድ ላይ ያን ሁሉ ወር ያልተናገረችውን ተናገረች፤ እኔ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። የቄሱ ድምፅ ግን ደረሰኝ።

«እና ለዚህ ነው? ሴቶች መግቢያ በሩ ሥር ቁሚያ። ፊኛንስ ቢሆን የፈጠረው እሱ አይደለም?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመሐል ሜዳ ገበያ ከቆላ የወጣ ሎሚ ገዝቼ ሄድኩ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ በቢላ ለሁለት ከፈልኩት። የእኔ አፍ ወዲያው ሞላ። የእሷን ጉሮሮ አየሁ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ። ዋጠች።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ደግሞ ሎሚውን አንሣው፤ ጥርሴን አጠረሰኝ።»

አላነሣሁትም። ሳትነካው፣ በማየት ብቻ! አንዲት የሰባ ዓመት ሴት ጉንጭ ሥር በዚያች ቅጽበት ብልጭ ድርግም የሚለውን ሁሉ አሰብኩ፤ ጓዳው ሲከፈት፣ ጨው ሲወጣ፣ ውኃው ሲከተል። እኔ ያየሁት አንድ ጉሮሮ ሲነቃነቅ ነው፤ ሙሴም ከዚህ የበለጠ ያየ አልመሰለኝም። ክሩ ሲበጠስባት ጣቷን ወደ ምላሷ ወሰደች። ጣሳው አልነበረም።

ስወጣ ጎንበስ አልኩ። እጇን ብቻ ጫነችብኝ።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ለእሱ ይሁን።»

ጰራቅሊጦስ ዋዜማ ሄጄ አደርኩ፤ ጠዋት አብረን አስቀደስን። እሷ በሴቶቹ መግቢያ በሩ ሥር፣ እኔ በወንዶቹ በኩል። ቅዳሴው ረዘመ። አንድ ሁለት ጊዜ አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ በቦታዋ አለች። ሕፃናቱ ቀድመው ቆረቡ፤ ከዚያ ወንዶቹ፤ በመጨረሻ ሴቶቹ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። ቄሱ እጃቸው ትንሽ የዘገየ መሰለኝ። ዲያቆኑ ደሙን አቀበላት። እኔ የማየው ጉሮሮዋን ብቻ ነው፤ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ ጸሎት አልነበረኝም። ጉሮሮዋ ተነቃነቀ። ሳል የለም። ጠበሉን ተጎንጭታ አፏን በነጠላዋ ሸፍና በፊቴ አለፈች፤ አላየችኝም። ዐይኗ ግን ይስቅ ነበር።

እንደ ሥርዓቱ እስከ ቤት ድረስ ሳትናገር ሄደች። ቤት ገብተን ተፈስኮ ከተበላ በኋላ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ቦርሳዬን አነገትኩ። በሩ ላይ ጎንበስ አልኩና ጠበቅኩ። እጇን አናቴ ላይ ጫነች። ሌላውን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ዛሬ አይተፋም፤ ቆርቤያለሁ» አለች። «እደርና ጠዋት።»

ያን ሁሉ ወር የምትተፋው ያልነበራት እናቴ፣ አሁን ኖሯት ከለከለችኝ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩና ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደማልደርስ ነገርኩት።